የነፋሴ አምባር ወራሽ

ሲጥ አለ። የወንድሟ ወንበር ነው። ጠብታ ከሥዕሉ ላይ ቀና ሳትል አወቀችው። ቀጥሎ ትንፋሹን ማጅራቷ ላይ ሰማች። ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈ።

«ምነው?» አለች።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

አየችና ክው አለች።

ሥራው የሁለቱ ነው። ወንድሟ በእርሳስ ይነድፋል፤ መጥቆር ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ ኤክስ ያደርጋል፤ እሷ በቀለም ታጠቁረዋለች። ሰኞ ጠዋት ገጹ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ይለጠፋል፣ ተማሪው እየተጋፋ ያነበዋል። «ጠብታ» ያላትም ወንድሟ ነው። በጀመረች ሰሞን ቀለም ሳታንጠባጥብ አትውልም ነበር። ያኔ ደንብ አወጣ፦ የፈሰሰ ቀለም አይፋቅም፣ አይሸፈንም፤ ታሪኩ ውስጥ ይገባል። የጀግናው የነፋሴ የጉንጭ ጠባሳ፣ አንድ ዓይና ውሻው፣ ሁሉም የጠብታ የእጅ ሥራዎች ናቸው።

የዛሬው ገጽ ግን ሌላ ነው። ነፋሴ አርጅቷል። ንፋስን የሚያዝበት አስማተኛ አምባር ከሱ በፊት በብዙ ሰዎች እጅ አልፏል። ማንም አይሰጠውም፣ ማንም አይቀማውም፤ አምባሩ ራሱ ይመርጣል። አሁን ጢም ብሎ በሞላ አውቶቡስ ውስጥ ከሽማግሌው ክንድ ጠፍቶ፣ የላይኛውን ብረት ከጨበጡት እጆች ባንዱ ላይ ሊታይ ነው። መታየት የነበረበት በኳስ ቡድኑ አምበል እጅ ላይ ነበር። ጠብታ ግን አንድ እጅ ስታለች። አምባሩን ያጠቆረችው በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ላይ ነው፤ ጸጉሯን በሻሽ አስራ «ወራጅ አለ!» የምትል፣ ለማሟያ ብቻ የተሳለች ልጅ።

በዚህ መሀል ጉሮሮ የሚሉት ልጅ ሳያንኳኳ ገባ። የጠብታ የክፍል ጓደኛ ነው፤ ሹክሹክታው እንኳ ሰፈር ይቀሰቅሳል። የአምበሉ መልክ የሱ ነው። ወንድሟ ሲነድፈው ከሰዓቱን ሙሉ የበሩን መቃን ጨብጦ ቆሞለታል።

«እስቲ ጀግናውን ልየው!» ብሎ ገጹ ላይ አጎነበሰ። «ቆይ ቆይ… ረዳቷ ምን ቤት ናት?»

«ተሳስቼ ነው» አለች ጠብታ።

«በቃ ለጥፊበታ! ያውልሽ ሙጫ፣ ያውልሽ ወረቀት። ማን ያይብሻል?» ወደ ወንድሟ ዞረ። «ጋሼ፣ ንገራት እንጂ! ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ወራሹ እኔ ነኝ ብያለሁ። ሰኞ በምን ፊቴ ልገባ ነው?»

ወንድሟ እጁን አጣምሮ ጠብታን ብቻ ያያል።

ሙጫውን አነሳች። ክዳኑን ከፈተች። ጉሮሮ ጓደኛዋ ነው፤ ቅር እንዲለው አትፈልግም። ደግሞም እውነቱን ነው፣ ማንም አያይባትም። ረዳቷን እንደገና አየቻት። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ሽማግሌው አዙሯል። እሷ ግን ባንድ እጇ ብረቱን ጨብጣ፣ በሌላው አንዲት እናት ልጇን እስክታወርድ በሩን ይዛላታለች። ወንድሟ ራሱ ሲነድፈው ልብ ያለው አይመስላትም።

ክዳኑን መልሳ ገጠመች።

«አምባሩ ይመርጣል ስንል ነው የከረምነው» አለች። «መረጠ።»

«አንቺ ነሽ እንጂ የመረጥሽው!»

«እኔ ብመርጥማ አንተን ነበር።»

ጉሮሮ ሙጫውን ወደ ጎን ገፋው።

የገጹ የመጨረሻ ሳጥን ገና ባዶ ነው። ወንድሟ አልነደፈበትም። ጠብታ እርሳስ አልጠየቀችም። ብዕሯን ነክራ በቀጥታ ቀለሙን አሳረፈች። መጀመሪያ የረዳቷን አገጭ፣ ከዚያ ንፋስ ያነሳውን ሻሽ፣ ከዚያ ዓይኖቿን። ረዳቷ ክንዷን አንስታ አምባሩን ታያለች፤ በሩን ግን አልለቀቀችም። አፍንጫዋ ትንሽ ሰፋ። ይስፋ።

«ውይ» አለ ጉሮሮ። «ታስፈራለች እኮ! ቆይ፣ እኔስ ምን ልሆን ነው?»

«ረዳቷ መጀመሪያ የምታድነው ሰው አንተ ነህ።»

«እኔ? በረዳት?»

«ያውም እየጮኽክ።»

ጉሮሮ ትንሽ አሰበና «ጮክ ብዬ ከሆነ እሺ» አለ።

ጠብታ ብዕሯን ጠረገች። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፤ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል። ወንድሟ ገጹን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው። ቀለሙን እንዳይነካው ተጠንቅቆ ፊቷ መልሶ አስቀመጠው።

«ሰኞ የምለጥፈው እኔ ነኝ» አለችው።

ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አለ ጉሮሮ።

ወንድሟ እርሳሱን ጠብታ አጠገብ አስቀመጠና «ወራጅ አለ!» ብሎ በሩን ከፍቶ ወጣ።