መስታወቱን ከውስጥ የጠረገው

ካልፈለጋችሁ አትመኑኝ። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። ሌሊት አልነበረም፣ መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍሌ ውስጥ፣ ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ወለል ብላ እያለ።

እኔ የፕላስቲክ ሄሊኮፕተር እሠራለሁ። የሚበር አይደለም፣ ሞዴል ነው። ዕቃው ተለያይቶ በካርቶን ይመጣል። ትቆርጠዋለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ትሞርደዋለህ፣ ታጣብቀዋለህ፣ ቀለም ትቀባዋለህ። ሲያልቅ መዳፍህ ላይ ይቀመጣል።

እሺ ሳቁ... ሽበት አውጥቶ በአሻንጉሊት የሚጫወት ሰውዬ በሉኝ። ለምጄዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜም እንደዛው ነበር የሚለኝ። ቀጮ እንለዋለን። እሱ የሚያበረው የእውነቱን ነው፤ ከተራራ ላይ በሽተኛ የሚያነሳ ሄሊኮፕተር።

"ያንተ መቼ ነው የሚነሳው?" ይለኛል ሁልጊዜ።

"የኔ ቢያንስ አይወድቅም" እለዋለሁ።

ምላሴን በቆረጠው ኖሮ።

በመጨረሻ የያዝኩት ሥራ የሱኑ ሄሊኮፕተር ነበር፤ ቁጥሩ፣ ጎኑ ላይ ያለው ቀይ መስመር ሳይቀር። ወንበሩ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ አብራሪ ላስቀምጥ ስል እጄን ያዘኝ።

"ሰው እንዳታስቀምጥበት። ቦታው የኔ ነው" አለኝና ሳቀ።

አንድ ልማድ ነበረው። ሊነሳ ሲል የሄሊኮፕተሩን መስታወት ከውስጥ በእጅጌው ጠረግ ያደርግና መዳፉን ይለጥፍበታል። ለእናታችን ነው። "ደህና ነኝ እማዬ" ማለቱ ነው።

አንድ ቀን እንደዛው አድርጎ ሄደ። ሬዲዮው ዝም አለ። አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን እማዬ ክፍሌ ገባች። ዓይኗ አብጧል።

"ጨርሰው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የሱን ሄሊኮፕተር። ሲመጣ ባዶ እጅህን እንዳትጠብቀው።"

"ባይመጣስ?" ይባላል እንዴ ለእናት? ቁጭ አልኩና ጀመርኩ። ጠዋቱን ሙሉ ስሞርድ ዋልኩ፤ ጠረጴዛው በነጭ ብናኝ ተሸፈነ።

የቀረው የፊት መስታወቱ ነበር። መስታወት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚገጠመው፤ አንዴ ከተጣበቀ ውስጡ አይነካም። ደግሞ በነጭ ኮላ እንጂ በሱፐር ግሉ አይሞከርም። የሱፐር ግሉ ትነት ውስጥ ይታፈንና ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ይህንን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል።

ኮላ ግን አንድ ቀን ያስጠብቃል። እኔ ደግሞ ከጨረስኩት ይመጣል የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ካልጨረስኩት...

ሱፐር ግሉውን አንስቼ ለጠፍኩት።

ወዲያው አልነበረም። ትንሽ ቆይቼ ሳየው መስታወቱ ነጭ ሆኗል።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች እማዬ ከኋላዬ። ሽታው አስመርሯት መስኮቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችና ወደ ማድ ቤት ሄደች። ሁሌም እንዲህ ናት። ኮላ ከሸተታት መስኮት ትከፍታለች፣ ጨርቅ ይዛ ትወለውላለች።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ጉሙ ላይ... ምስር የምታህል ጥርት ያለች ቦታ።

ተጠርጋለች።

ከውስጥ።

አጉሊ መነጽሬን አነሳሁ። በተጠረገችው ቦታ አሻግሬ አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። የወንበሩን ቀበቶ ከቀጭን ፕላስተር ቆርጬ፣ በወረንጦ አቆላልፌ ነበር የለጠፍኩት።

ተፈትቷል።

እያየሁት ቦታዋ መልሳ ነጭ ሆነች፤ ሰው ሲተነፍስበት እንደሚሆነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ሌላ ቦታ ተጠረገ። ከዚያ ደግሞ ዝቅ ብሎ...

ኳ። ኳ። ኳ።

"እማዬ!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ነይ እስቲ... ቀስ ብለሽ።"

"ምነው?"

"አዳምጪ።"

መጥታ ጎንበስ አለች። እማዬ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል።

"ምንም የለም ልጄ።"

"እየተንኳኳ ነው እኮ!"

"ሦስት ቀን አልተኛህም። ጋደም በል እስቲ፣ አንተን ደግሞ አልጣህ።"

ኳ... ኳ...

እየደከመ ነው። እንዲህ በጠባብ ቦታ ውስጥ አየር ምን ያህል ያቆያል? ያፈንኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ!

ምላጬን አነሳሁና የሞዴሉን በር ጠርዝ መቁረጥ ጀመርኩ። "አይዞህ ቀጮ፣ አይዞህ የኔ ወንድም፣ መጣሁ..." እላለሁ። እማዬ ስሙን ስትሰማ አፏን በነጠላ ይዛ አለቀሰች።

ጠቅ! በሩ ወደቀ።

ወደ ውስጥ ሳላይ ስልኬ ጮኸ። የቀጮ አለቃ ነው! ክፍሌ ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ወደ ደረጃው ሮጥኩ።

"ተገኝቷል" አለኝ። "ሄሊኮፕተሩ። ገደል ሥር ነው ያለው።"

"ወንድሜስ?"

"ፍለጋ የወጡት ልጆች አሁን ነው የደረሱት..."

"ወንድሜስ? ንገረኝ እንጂ!"

"ውስጥ ሰው የለም። መስታወቱ ከውስጥ ነጭ ሆኗል፣ ምን እንደሆነ አላወቅንም። በሩ ደግሞ..."

"በሩ ምን?"

"ተቆርጧል። ከውጭ። ቀጥ ብሎ፣ በስለት እንደተቆረጠ። ልጆቹ ሲደርሱ ብረቱ ገና ትኩስ ነበር።"

"ዱካስ?"

"በሩ ሥር ሁለት እርምጃ አለ። ከዚያ ወዲያ... የለም።"

ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።

ጠረጴዛው ያብረቀርቃል።

እማዬ አጠገቡ ቆማለች። "ወለወልኩልህ" አለችኝ። "ቆሞ ከማልቀስ እጅ ሥራ ቢይዝ ይሻላል።"

ከተቆረጠው በር ሥር ጨርቁ ያልደረሰበት ቀጭን የብናኝ መስመር ቀርቷል። አጉሊ መነጽሩን ይዤ ዝቅ አልኩ።

ሁለት እርምጃ። አንደኛው እግር ይጎተታል።

ከዚያ ጨርቁ ያለፈበት ነው።

"እማዬ... ጨርቁስ?"

"በመስኮት አራገፍኩት። ምነው? ልጄ፣ ፊትህ ምን ሆነ?"

ምን ብዬ ልንገራት? እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ለእናት ይህ እንዴት ይነገራል?

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ከመስኮቱ ሥር በጉልበቴ ሄድኩ፣ አፈሩን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ፣ ቅጠል በቅጠል ገለበጥኩ። የግቢው ጥበቃ መጣ።

"ምን ጠፋብዎት ጋሼ? ቁልፍ ነው?"

"ወንድሜ።"

ሊስቅ ነበር። ፊቴን ሲያይ ተወው። ኮፍያውን አውልቆ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ፣ አብሮኝ ተንበርክኮ ፈለገ። ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ።

አላገኘነውም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እወርዳለሁ። የሠፈሩ ልጆች "አበደ" ይላሉ፤ ይበሉ። እማዬ አሁንም ትጠብቀዋለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር "እሱ ነው?" ትለኛለች። እግሬን ሳነሳ ወለሉን አይቼ ነው። እሷ ጨርቅ ስታነሳ ልቤ ቀጥ ይላል።

ዛሬ ጠዋት ቀለም ልቀባ አስቤ መስኮቱን ልከፍት ሄድኩ።

ዝናብ ካየን ሰንብተናል፣ መስታወቱ በውጭ በኩል አቧራ ለብሷል። ታች፣ ጥግ ላይ...

ምስር የምታህል ቦታ ተጠርጋለች።

ሦስተኛ ፎቅ ነው። በረንዳ የለንም።

አጉሊ መነጽሩን አስጠጋሁ። በተጠረገችው ቦታ መሃል ትንሽዬ መዳፍ አለ፣ አምስቱም ጣቶች ተዘርግተው። አሻራ መስሎኝ ነበር።

ግን ይንቀጠቀጣል።

ይበልጥ ተጠጋሁ። እማዬ መቼ እንደገባች አላየሁም።

"ምን ትገተራለህ? ክፈተው እንጂ ልጄ፣ ታፈንን እኮ" አለችና እጇን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ እጀታውን ያዘች።

መስኮታችን የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው።