የለም የተባለው ካንዴላ

በ1974 ዓ.ም. መስከረም፣ የላሊበላው ሆቴል አትክልተኛ ውባንተ ከተገለበጠው የሣር ማጨጃ ማሽን አጠገብ ራሱን ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ደባሱ ሲደርስ የቀበሌው ካድሬ ጥፋተኛ ያለውን አስሮ ጨርሶ ነበር።

«ዘበኛው አለሜ ነው። ሟች ምላጩን ሲጠርግ የማስነሻውን ገመድ ሳበበት። አሻጥር ነው፤ ለምሳ ሰዓት ወልድያ ይወርዳል» አለ ካድሬው።

ደባሱ አንገሸገሸው። በአሻጥር ተከሶ ወልድያ ከወረደ ሲመለስ ያየው ሰው የለም። ፍርድ ቀድሞ ምርመራ የሚከተልበት ሥራ!

«ማን አየ?»

«እኔ» አለ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አድማሴ። «ሞተሩ ሲጮህ ብወጣ፣ አለሜ ገመዱን ይዟል።»

«በር ላይ ነበርሁ ጌታዬ» አለ አለሜ። «ብቻዬን ነኝ፣ ማን ይመስክርልኝ?»

ደባሱ ማሽኑ ላይ ጎንበስ አለ። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር ነው፤ በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል የተሰገሰገው ሣር ግማሹ ተጠርጎ፣ መጥረጊያው ስንጥር እዚያው ተሰክቶ ቀርቷል። ሞተሩን በብልጭታ የሚያስነሳውን ካንዴላ ፈትቶ አየና በመዳፉ ደበቀው።

«አድማሴ፣ ግምጃ ቤት ውስጥ ካንዴላ...»

«የለም» አለ አድማሴ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «ካለቀ ሦስት ወር ሆነው። ውባንተንም ስንቴ መለስሁት።»

ልብስ አጣቢዋ ጀውሀራ አለቀሰች። «ወላሂ፣ ጋሼ ውባንተ ካንዴላውን ነቅሎ ኪሱ ሳይከት ምላጩን ነክቶ አያውቅም። ‹ይህ ኪሴ ካለ ሞተሩ ሬሳ ነው› ይለኝ ነበር።»

ደባሱ ሁሉንም ሣሩ ላይ ሰበሰባቸው። ከሟች ደረት ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ካንዴላ አወጣ።

«በሽቦ ብሩሽ ተፍቋል። ሊጥለው ያሰበ ሰው አይፈገፍገውም፤ መልሶ ሊያስገባው ነበር፤ ጠረጋው ግን ገና ግማሽ ላይ ነው። እንግዲህ ሲሞት ሞተሩ ካንዴላ አልነበረውም። አሥር ሰው ገመዱን ቢስብ አይነሳም።» መዳፉን ከፈተ። «ይህ ደግሞ ሞተሩ ላይ የተገኘው ነው። አዲስ፣ ጥቀርሻ ያልነካው። ጮኸ የተባለው ሞተር አልጮኸም። ገዳዩ ውባንተን በሌላ ነገር መታው፤ ቀዳዳውን ባዶ ሲያየው ማሽኑ የገደለው እንዲመስል ይህን አስገባ። ኪሱን ግን አልፈተሸም።»

«አዲስ ካንዴላ ከየት መጣ?» አለ ካድሬው።

«የለም ከተባለበት። ቁልፉን አምጣ፣ አድማሴ።»

ከጆንያዎቹ ሥር አንድ ፍሬ የጎደለው የካንዴላ ካርቶንና ደም የነካው መፍቻ ወጡ።

«ለመሸጥ የደበቅሁትን ትናንት አየብኝ» አለ አድማሴ። «በስብሰባ አጋልጥሃለሁ አለኝ።»

«ሦስት ወር ለምኖህ የለም አልኸው። ሲሞት ሰጠኸው» አለ ደባሱ። አለሜ የታሰረበትን ገመድ ራሱ ፈታ፤ ሽማግሌው ዘበኛ እጁን እያሻሸ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጓድ፣ የአድማሴን ቃል የምቀበልበት ወረቀት ስጠኝ» አለ ደባሱ።

«ወረቀት የለም» አለ ካድሬው።

ደባሱ የካርቶኑን ክዳን ቀደደና በጀርባው መጻፍ ጀመረ።