የሽክርክሪት ዓይንና የመጋረጃው ዘርፍ

ሽክርክሪት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ከአባቷ የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ከሴት አያቷ ጋር ነው። የወጣላት ስም ሌላ ነበር፤ ግን አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ሰፈሩ ሁሉ ሽክርክሪት ይላታል። እዚህም መሃላችን ሽክርክሪቶች አሉ፤ ስም አልጠራም!

አያቷ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ደረጃ የሚባል ነገር አይወጡም። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ልማድ ነበራቸው። ልጅቷ ወደ አንድ ቦታ ስትሄድ አያቷ «በዓይንሽ አምጪልኝ» ይሏታል። ስትመለስ ያየችውን ሁሉ ትነግራቸዋለች። የሱቁን አዲስ በር፣ ጣራ ላይ የተጣሉትን ድመቶች፣ የጎረቤትን ኮፍያ ነፋስ ሲወስደው። አያቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና «ይኸው፣ ሄጄ መጣሁ!» ይላሉ።

አንድ ቀን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች የከተማውን የታሪክ ሙዚየም ሊያዩ ሆነ። ሙዚየሙ ድሮ ንጉሥ ይኖርበት የነበረ ቤተ መንግሥት ነው። አያቷ ይህን ሲሰሙ የያዙት መርፌ እጃቸው ላይ ቀረ። እናታቸው የዚያ ቤት መጋረጃ ሰፊ ነበሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው ፎቅ ላይ ባለችው የስፌት ክፍል ከእናታቸው እግር ሥር ተቀምጠው መርፌ ላይ ክር ያስገቡ ነበር።

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

«እማማ፣ ደረጃውስ?»

«ደረጃውን አንቺ ትወጪልኛለሽ። እኔ ግቢው ይበቃኛል። የእናቴን ክፍል ብቻ በዓይንሽ አምጪልኝ። አደራ!»

አደራ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ ልጆቼ።

ግቢው ሲደርሱ አያቷ ለመቀመጫ የሚሆን ጉቶ አገኙ። የቤተ መንግሥቱ በር ሲከፈት የወለል ሰም ሽታ ወጣ። አያቷ በረጅሙ ሳቡት። «ወይኔ! ያው ነው እኮ!» አሉ።

ጥበቃው ለልጆቹ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ጨርቅ አደለ። የእንጨቱ ወለል እንዳይጫር ነው። እንግዲህ ለሽክርክሪት እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል? ጓደኛዋ ድንቡሼ ከኋላ ገፋ አደረጋት። ሽው ብላ ተንሸራተተች! ከዚህ ግድግዳ እዚያ ግድግዳ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች በሆዷ። አንድ ጊዜ አንድ ጊዜ ስትል መምህርቷ ስለ ዙፋኑ አስረድተው ጨረሱ፤ የድሮው ከተማ ፎቶዎችም ታለፉ። ፎቅ ወጥተው የስፌት ክፍሉም ውስጥ ሽው!

«በሉ ልጆች፣ እንውረድ!» አሉ መምህርቷ።

ሽክርክሪት ክው አለች። የክፍሉን ምኑንም አላየችም! ጥበቃው ቁልፉን ይዞ «ውጡ፣ ውጡ» ይላል። አጠገቧ አሮጌ መጋረጃ አለ። ከጫፉ ከወርቃማ ክር የተጎነጎነ ዘርፍ ተንጠልጥሏል።

«ካላየሁላቸው ይዤላቸው ልሂድ» ብላ አሰበች። «እናታቸው የሰሩት አይደል? የራሳቸው ነው እኮ!»

አያችሁ ጥፋት ቆንጆ ምክንያት ለብሶ ሲመጣ? ቀጭ! ዘርፉ ኪሷ ገባ።

ውጭ አያቷ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቋት። «በይ አምጪልኝ።»

«ቆንጆ ነው።»

«መስኮቱስ?»

«ትልቅ ነው።»

«ዛፉ ይታያል? እናቴ መርፌው ሲደክማት እሱን ነበር የምታየው።»

«አዎ! ቅጠሉ ሁሉ! ወፍም አርፎበታል!»

አያቷ ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ፣ የተቀመጥኩት እኮ የእሱ ጉቶ ላይ ነው።»

የሽክርክሪት ፊት ፍም መሰለ። ቶሎ ብላ ዘርፉን አወጣች። «ግን ይኸው! የእናትዎ ሥራ!»

አያቷ ዘርፉን በጣታቸው ዳበሱት። ቋጠሮው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የደስታ ግን አልነበረም።

«እናቴ ይህን ስትቋጥር ክሩን የያዝኩላት እኔ ነኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን ተንጠልጥሎ ኖረ። እኔ የፈለግሁት እዚያው መኖሩን ልሰማ ነበር።»

ሽክርክሪት ቀሚሳቸው ላይ ተደፋች። «እማማ፣ ስንሸራተት ነበር። ምንም አላየሁም። ዋሸሁ፣ ሰረቅሁም።»

«እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ሄደሽ ለጥበቃው ንገሪ።»

ዘርፉን ይዛ ወደ ጥበቃው ሄደች። «ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ» አለች በሹክሹክታ። ጥበቃው እስካሁን አንድም ጊዜ ሲስቅ አላየችውም።

«ጋሼ... ይህን ከመጋረጃው የቀነጠስኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን አደረግሽ?» ብሎ ጮኸ። «ይሄ መጋረጃ እኔን በዕድሜ ይበልጠኛል! አሁን ማን ይመልሰዋል?»

«አያቴ ያውቁበታል። ክሩን ይይዙ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ግን ደረጃ አይችሉም።»

ጥበቃው ጉቶው ላይ የተቀመጡትን አሮጊት አየ። ዘርፉን አየ። ራሱን አከከ። ከዚያ አትክልተኛውን ተጣራ፦ «አንተ! ወንበር ይዘህ ና!»

ሁለቱ አያቷን ከነወንበራቸው ተሸክመው ደረጃውን ወጡ።

«ቀስ በሉ እንጂ፣ ዘውዴ ከራሴ ላይ ይወድቃል!» አሉ አያቷ። ጥበቃው ሳቀ፤ ጥርስ አለው ለካ!

ክፍሉ ገቡ። «እናቴ እዚህ ነበር የምትቀመጠው» አሉ አያቷ ወደ መስኮቱ እያዩ። ከቀሚሳቸው ኪስም መርፌና ክር አወጡ፤ ሽክርክሪት ከእግራቸው ሥር ተቀመጠችና መርፌው ላይ ክር አስገባችላቸው። አያቷ ዘርፉን ቦታው ላይ ቋጠሩት። ያን ጊዜ ሽክርክሪት ሁሉንም አየች። የተሰነጠቀውን የመስኮት መደብ፣ ወለሉ ላይ የወንበር እግር የፈጠረውን ጎድጓዳ፣ ዛፉ በነበረበት ቦታ የሚታየውን ባዶ ሰማይ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አያቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በይ አምጪልኝ።»

«እማማ፣ እርስዎም አዩት እኮ!»

«አንቺ ያየሽውን ነዋ የምፈልገው።»

እሷም ከበሩ ጀምራ ነገረቻቸው፤ አንድም አልዋሸችም።

ልጆቼ፣ የተቀበላችሁትን አደራ ጠብቁ፤ ብትሳሳቱም በውሸት አትሸፍኑት፣ እውነቱን ተናግራችሁ የወሰዳችሁትን መልሱ።