የተጣለው ጩኸት

ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነቀምቴ ካለው አለቃው ጋር በስልክ ሲያወራ የነበረው የውሃ ቴክኒሻኑ ያደታ፣ አራት ተኩል ላይ በዲጋ የውሃ ጉድጓድ አፍ ራሱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የግቢው ቁልፍ የነበረው በጥበቃው በኦቦ ጨመዳ እጅ ብቻ ነው። ሽማግሌው ታሰሩ። ኢንስፔክተር ድርቤ ስትደርስ ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ሁለት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

የያደታ አለቃ መሐንዲስ ሠርፀ ኮምፒውተሩን ከፈተላት።

«ያደታ የውሃውን ከፍታ በሴንሰር ይለካ ነበር። ከሴንሰሩ የሚመጣው ምልክት ኢምንት ነው፤ የጎረቤት ሞተር ጩኸት ይውጠዋል። ስለዚህ የሠላሳ ቀን ልኬት በየሰዓቱ እያመሳከረ ደራረበው። ጩኸት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እውነተኛው ቦታውን አይለቅም።»

«ምን አገኘ?»

«በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ውሃው ሁለት ጣት ይወርዳል። የሚሰርቅ ሰው አለ። ማን እንደሆነ በስልክ አልነገረኝም።»

«ጩኸቱስ?»

«እሱማ ከስሌቱ ይጣላል። ምን ይጠቅማል?»

«የጣላችሁትን አሳየኝ።»

በአጥሩ ማዶ የቡና መፈልፈያና የመኪና እጥበት ያለው ጂሬኛ ሳቀ።

«አዴ ድርቤ፣ እኔን ይተዉኝ! ሠራተኞቼ ገበያ ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ስፈለፍል መንደሩ ሁሉ ማሽኔን ሰምቷል።»

«ለአፍታም አልወጡም?»

«ታዲያ ጀንፈል ቡናውን ማን ይጨምርልኛል? ጂኒ?»

ድርቤ የማሽኑን አፍ አየች። አንድ ጆንያ ብዙ አይቆይበትም።

በማግስቱ ሁሉንም ጉድጓዱ ዘንድ ሰበሰበች፤ ኦቦ ጨመዳንም ከነካቴናቸው አስመጣች።

«ጩኸቱ የጂሬኛ ሞተር ነው» አለች፣ በኮምፒውተሩ ላይ የተሳለውን መስመር እያሳየች። «ጠዋት አስነሥተን ሞከርነው። ጀንፈል ሲገባበት መስመሩ ይወፍራል፤ ባዶውን ሲዞር ይቀጥናል። ያን ቀን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ወፍራም ነበር። ከአራት ከሩብ በኋላ ቀጠነ፤ አራት ተኩል ላይ ተመልሶ ወፈረ። መንደሩ ማሽኑን ሰምቷል። እርስዎ ግን፣ ጂሬኛ፣ አጠገቡ አልነበሩም።»

«ጀንፈሉ አልቆብኝ ነው።»

«ታዲያ እስከ ስድስት ሰዓት ምን ፈለፈሉ?»

ጂሬኛ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ፖሊሶች የላላውን የአጥር ቆርቆሮ ሲያነሡ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ተገኘ፤ ከሥሩ የተቀበረ ቱቦ ከጉድጓዱ ወደ እጥበቱ ሲሄድ ታየ።

«ዝም በል ብዬ ለመንኩት» አለ ጂሬኛ። «እምቢ አለኝ።»

የኦቦ ጨመዳ እጅ ተፈታ። ከቆሙበት ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ልጄ፣ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ያ ማሽን ሲጮኽ ያደታ ጠርቶኝ ይሆን? እዚህ ላይ ይታያል?»

ሠርፀ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ድርቤ ቀደመችው።

«አይታይም፣ ኦቦ ጨመዳ።»

ይታይ አይታይ እንደሆነ መሐንዲሱን ጠይቃው አታውቅም። ኮምፒውተሩን ራሷ ዘጋችው።