ሰሊጥ አፉን የከፈተበት የፈተና ሳምንት

ለሚመለከታቸው ሁሉ፦ በመተማ ዮሐንስ ከተማ፣ ከኮሌጁ ጀርባ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀና ካልደበደቡት የማይበራ አንድ የእጅ ስልክ ከነቻርጀሩ ከወይዘሪት ሰርካለም ዘሩ ወደ አቶ ምንይችል እጅ በአደራ መተላለፉን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን። ርክክቡ ያለ ቃለ ጉባኤ ተፈጽሟል። ብቸኛዋ ምስክር የሰርካለም የመኝታ ክፍል ጓደኛ ረፊቃ ስትሆን፣ ለምስክርነቷም ቀዝቃዛ ከርከዴ ተገዝቶላታል።

«የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ እንዳትሰጠኝ» አለች ሰርካለም። «ባለቅስም፣ ብለምንህም።»

«ብትሰድቢኝስ?»

«ያኔማ ጭራሽ።»

ምንይችል ስልኩን በደረት ኪሱ ከተተና ኪሱን በእጁ መታ መታ አደረገ። ሰርካለም ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች። ስልኩን ነው የሰጠሁት ብላ ራሷን አሳመነች። ረፊቃ ግን ከርከዴዋን እየመጠጠች ሁለቱንም ታያቸው ነበር፣ አላመነችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአካባቢው ሰሊጥ አምራቾችና ነጋዴዎች ተሰብስበው፣ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች በየወሩ የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ አቋቁመዋል። ደግ ሥራ ነው። ደግ ሥራ ደግሞ ያለ መመሪያ አይኖርም። አማካይ ውጤቱ ከሁለት ነጥብ አምስት የወረደ፣ ወይም ከተመዘገበበት ትምህርት አንዱን እንኳ ያልተፈተነ፣ ድጋፉ ይታገድበታል። ከሕመም፣ ከቅርብ ዘመድ ሞት፣ ወይም በቤተሰብ ንብረት ላይ ከደረሰ ድንገተኛ ችግር በቀር ሰበብ አይሰማም። ሰርካለም ይህን መመሪያ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች። የኮሚቴው የተማሪዎች ተወካይ እሷ ናትና። የተመረጠችው ቅዳሜ ከሰዓት በመተማ ሙቀት ስብሰባ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው፣ እሷ ግን በጠባይዋ ነው ብላ ታምናለች።

ምንይችልን ያወቀችው በዚሁ ድጋፍ ሰበብ ነው። ዓምና ለምዝገባ ተሰልፈው ሳለ ከፊቷ ቆሞ ነበር። ከጎጃም ወርዶ በየማሳው ሰሊጥ ሲያጭድ ሦስት መከር አሳልፏል። «ማጭዱን የማታ ትምህርት የተመዘገብኩ ቀን ነው የጣልኩት» ብሏት ነበር። «ሁለተኛ ብይዘው እጄ ይቆረጥ።»

«እንዲህ አይባልም!»

«እሺ፣ ጣቴ።»

ያን ቀን ሰልፉ ሲያልቅ አዘነች። ሰልፍ ሲያልቅ የሚያዝን ሰው በከተማው ታይቶ አይታወቅም።

ታዲያ የትምህርት ካሌንደሩ ከተዘበራረቀ ወዲህ፣ የዘንድሮው ማጠቃለያ ፈተና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደቀ። ቀኑን የቆረጠው ሰው ሰሊጥ የሚያውቀው ዘይት ሆኖ ሳይሆን አይቀርም። የሰሊጥ ፍሬ ሲደርስ አፉን ይከፍታል። ከዚያ በፊት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ አናቱ ወደ ላይ እንደ ጎጆ ተደጋግፎ ካልቆመ፣ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ተዘርግፎ ለጉንዳን ይሆናል። እንደ ጎጆ የሚቆመውን ክምር ሂላ ይሉታል። በየዓመቱ በዚያ ሳምንት ሰርካለም አባቷ ማሳ ላይ ሂላ ታቆም ነበር። ዘንድሮ ግን አባቷ ጋሽ ዘሩ «ሠራተኛ ይዣለሁ፣ አንቺ ፈተናሽን» ብለው አስቀሯት።

በፈተናው ሁለተኛ ቀን የምንይችል ወንበር ባዶ ሆነ።

በሦስተኛውም ቀን አልመጣ። ጎህ ሲቀድ አይሱዙ ጭነት ላይ ሲወጣ ያዩት ነበሩ። ረፊቃ ወሬውን ቶሎ አበሰለችው።

«ገላባት ተሻግሯል። ስልክሽን ሊሸጠው።»

«ያንን ስልክ ማን ይገዛዋል?»

«ሱዳን ውስጥ ዓይኑ የማያይ ሰው አይጠፋም።»

ሰርካለም ሳቀች፣ ከዚያ አልሳቀችም። አደራ ሰጥታው ነበር፣ እሱ ግን አንድ ቃል ሳይናገር ጠፋ። የቀሩትን ፈተናዎች በንዴት ሠራች። ንዴት ለሒሳብ ጥሩ ነው፣ አንድም አልሳተችም።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ረፊቃ ስልኩን ይዛላት መጣች። በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ባትሪው ሙሉ ነው።

«ምን አለ?»

«ምንም። "ቻርጁን ሞልቼዋለሁ በያት" አለ። ፊቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል።»

ሰርካለም የምትጠብቅ ሳታስመስል ሁለት ቀን ጠበቀችው። አልመጣም።

ቅዳሜ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሰብሳቢው ሐጂ ሙሐመድጣሂር ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ በወረቀት እያራገቡ፣ ምንይችልን አስገቡት። ልጁ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆመ።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ እጅህን አውጣ፣ ስብሰባ ነው» አሉ።

አላወጣም። የኮሌጁ ጸሐፊ ወይዘሮ አሰፋች በብስጭት ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ታመህ ነበር?»

«አልታመምኩም።»

«መርዶ መጥቶብህ ነበር?»

«የለም።»

«ታዲያ የት ነበርክ?»

የምንይችል ዓይን ከሐጂ ተነሥቶ ሰርካለም ላይ አረፈ፣ ትንሽ ቆየባት። ሰርካለም ያንን አስተያየት እንደ ድፍረት ቆጠረችው። ጠፍቶብኝ፣ ንቆኝ፣ አሁን ደግሞ ያየኛል!

«ይታገድ የምትሉ?» አሉ ሐጂ።

ቀድማ እጇን ያወጣችው ሰርካለም ናት። ቀጥ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እንደሚያውቅ ጎበዝ ተማሪ። ሌሎቹም እሷን አይተው አወጡ። ለአንድ መንፈቅ ታገደ። ያልተፈተነውን ተፈትኖ፣ በመንፈቁም የሚፈለገውን ውጤት ካመጣ ይመለስለታል። ሰበብ ካለው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ራሱ ቀርቦ በአንደበቱ ያስረዳ፣ ተባለ። ምንይችል አንገቱን ሰበር አድርጎ ወጣ፣ በሩንም በክርኑ ገፋው። በሩን በክርኑ መግፋቱን ያን ዕለት ልብ ያለው የለም።

በማግስቱ ሰርካለም ወደ አባቷ ማሳ ሄደች። እያሰበች የሄደችው የረገፈ ሰሊጥና ያዘነ አባት ነበር፣ ሠራተኞቹ ሰነፎች እንደሆኑ በልቧ ደምድማ ነበርና። የደረሰችው ግን ቀጥ ብለው በቆሙ ሂላዎች መካከል ነው። ጋሽ ዘሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሽንብራ ይቆረጥማሉ።

«አባባ፣ እንዴት አማረልዎት!»

«ያንቺው ልጅ ነዋ ያሳመረው!»

«የትኛው ልጅ?»

«የላክሽው። አሁን ምን ትደብቂኛለሽ?»

ጋሽ ዘሩ ነገሩን ከሽንብራው ጋር እያደቀቁ አወጉላት። የያዟቸው ሠራተኞች አንድ ምሽት ተነሥተው ነጎዱ። ጎረቤት ያለ ባለሀብት ትራክተር አምጥቶ፣ የተሻለ ከፍሎ፣ እየዘፈኑ ጭኗቸው ሄደ። ሰሊጡ ደግሞ ሊከፍት ነው። ስልክ የሚሠራው ማሳው ጥግ ባለው የምስጥ ኩይሳ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ፣ የማሳውን ዘበኛ ስልክ ተውሰው ኩይሳው ላይ ወጡና ወደ እሷ ደወሉ።

«ወንድ አነሣው። ደነገጥኩ። "ፈተና ላይ ናት፣ ምን ልንገርልዎ?" አለኝ። "በቶሎ ትምጣልኝ፣ ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ነው" አልኩት። በማግስቱ ልጁ ራሱ ከጭነት ላይ ዱብ አለ።»

«ምን አለዎት?»

«ማጭድ ስጡኝ አለኝ። ማነህ ስለው "ወንፈል ነው አባቴ፣ እኔ ዛሬ እረዳለሁ፣ ልጅዎ በተራዋ ትመልስልኛለች" አለኝ። ከዚያ ጎንበስ አለ፣ አልቃናም። ሥራ ፈትቶ ቆይቶ ኖሮ መዳፉ ተላጠ። ጨርቅ አስሮ ቀጠለ። ሂላውን ሲያቆም ደሙ አገዳው ላይ ነበር።» ሽንብራውን ተዉት። «ኧረ እጁ እንዴት ሆነ?»

ሰርካለም የራሷን እጅ አየች። ምንይችል እጁን ከኪሱ አለማውጣቱ፣ በሩን በክርኑ መግፋቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። የእሷ እጅ ግን ጤነኛ ነበር። ጤነኛ ስለነበር ነው ስብሰባው ላይ ቀጥ ብሎ የወጣው።

ስትመለስ መኪናው ውስጥ መንገዱን ሙሉ ቀኝ እጇ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ወንበሩ ጎረበጠሽ?» ቢሏት «የለም፣ እጄ ነው የጎረበጠኝ» አለች። ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

ምንይችልን ያገኘችው የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ድጋፉ ስለታገደ ሰሊጥ ሊያነፍስ ገብቷል። አቧራው ቅንድቡ ላይ ተኝቷል፣ መዳፉ ላይ አዲስ ቆዳ ጀምሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በምን? ስልክ የለሽማ።»

«ምንይችል!»

«ብነግርሽ ትሄጃለሽ።»

«አዎ፣ እሄዳለሁ!»

«እኮ። ድጋፍሽም ይሄዳል።»

«ያንተስ ሄደ አይደል?»

ወንፊቱን ነቀነቀ። ሰሊጡ እንደ ዝናብ ጮኸና ጸጥ አለ።

«እጄን ሳወጣ ዝም ብለህ አየኸኝ» አለች።

«ጥሩ አወጣጥ ነበር። ቀጥ ያለ።»

«አትቀልድብኝ። ተቆጣኝ። ስደበኝ። የሆነ ነገር በለኝ፣ እንዲህ ስትሆን አልችልም።»

ምንይችል አያት። ብዙ ሊል ያሰበ ሰው አስተያየት ነበር፣ ግን ያለው «አቧራው ዓይንሽ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ደጅ ውጪ» ብቻ ነው። ሰርካለም አልወጣችም። የተላጠውን መዳፉን ይዛ፣ በእሷ ቀኝ እጅ ላይ ገልብጣ፣ አየችው። እሱም አልነጠቀም። የመጋዘኑ አሠሪ ሦስት ጊዜ ተጣራ፣ ሁለቱም አልሰሙም።

«ማጭድ ሁለተኛ አልይዝም ብለህ ምለህ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ጣቴ ይቆረጥ ነው ያልኩት። መዳፍ አላልኩም።»

«ቅዳሜ ትመጣለህ። ታስረዳቸዋለህ።»

«እመጣለሁ» አለ። ስለ ማስረዳቱ ግን ቃል አልገባም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰርካለም በኮሚቴው ወንበር አልተቀመጠችም፣ ከምንይችል ጎን ቆመች። ጋሽ ዘሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ልናገር» አለች። «ባለፈው እጄን ያወጣሁት መመሪያውን አስቤ አይደለም። ተናድጄ ነው። እሱ ከፈተና የቀረው በእኔ ፋንታ ነው። የአባቴ ሠራተኞች ጥለው ሄዱ፣ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ፣ የሄደው እሱ ነው። እኔ ተፈትኜ አለፍኩ፣ ከዚያ እሱ ላይ ፈረድኩ። ተወካይነቱን ትቻለሁ። የእኔን ድጋፍ አንሡና ለእሱ ስጡት።»

ወይዘሮ አሰፋች እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ይህ ሰሊጥ አይደለም ልጄ» አሉ ሐጂ ለስለስ ብለው፣ «ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው አይገለበጥም። አንቺ ተፈትነሻል፣ ያንቺ ያንቺ ነው።» ከዚያ መመሪያውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ ደግመው አስጠጉት። ነጋዴ ናቸው፣ ቀዳዳ ማየት ያውቃሉ። «"በቤተሰብ ንብረት ላይ የደረሰ ድንገተኛ ችግር" ይላል። ሊረግፍ የደረሰ ሰሊጥ ድንገተኛ ችግር ነው፣ ይህን ለእኔ አትነግሩኝም። የቀረው ቤተሰብ የሚለው ነው። ጋሽ ዘሩ አባትህ አይደሉም። አጎትህም አይደሉም። ግን አማች... አማች ቤተሰብ ነው። አሰፋች፣ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ሐጂ» አሉ ወይዘሮ አሰፋች በፍጥነት።

«ኸላስ፣ አለቀ! እንግዲህ አንድ ቃል ነው የምንፈልገው። ልጅቷን አጭቻታለሁ፣ ላገባት ነው ካልክ፣ ድጋፍህ ዛሬውኑ ይመለሳል። ካላልክ ግን እግዱ እንዳለ ነው፣ መንፈቁን በራስህ ትወጣዋለህ።»

ጋሽ ዘሩ በር ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ቢሆን ተቃውሞ የለኝም» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሰርካለም ፊቷ ነደደ። በለው፣ አለች በልቧ፣ በለውና ይህ ሸክም ይውረድልኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራች። ዛሬ እዚህ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት፣ ለወር ድጋፍ ብሎ ቃሉን ካወጣው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያ ቃል ለምን እንደተባለ ስትጠይቅ ትኖራለች። ቀና ብላ አየችው። እሱም እያያት ነበር፣ ያን ቀን ድፍረት ባለችው በዚያው አስተያየት። ድፍረት እንዳልነበረ አሁን ገባት። ምንይችል እጁን ከኪሱ አወጣ፣ በሁሉም ፊት የእሷን ቀኝ እጅ ያዘ።

ሐጂ ሙሐመድጣሂር ማራገቢያቸውን አቆሙ። «ያ ዙል፣ ቃለ ጉባኤው ይጠብቃል። ለመሆኑ ይህቺ ልጅ ምንህ ናት? ለምንስ ሄድክላት?»

«አላብራራም» አለ ምንይችል፣ እጇን ሳይለቅ። «መንፈቁን በራሴ እወጣዋለሁ።»