በነርሷ ስም የገባው መዝገብ

መርማሪው ሲደርስ ሟቿ ገና የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ነበረች፤ ፊቷ በአንሶላ ተሸፍኗል። የጠራው አባቷ ነው፤ የዚያው ሆስፒታል የካርድ ክፍል ሠራተኛ።

«ይቺ ነርስ ናት የገደለችብኝ» አለ። «ልጄ ራሷን ስታ መጣች፤ ፔኒሲሊን ወጋቻት፤ አለቀ። ዛሬውኑ ትታሰርልኝ!»

ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። «ኮምፒውተሩን አይቼ ነው የወጋኋት። የማይስማማት መድኃኒት የለም ይላል። ጌታዬ፣ ቤት የሚጠባ ልጅ አለኝ።»

«መዝገቡን ማን አስገባው?»

«በኔ ስም ነው የገባው። ግን እኔ አይደለሁም! እዚህ ሁሉም በኔ የይለፍ ቃል ነው የሚሠራው።»

መርማሪው ቀና አለ። ከኮምፒውተሩ በላይ ማኅተም ያለበት መመሪያ ተለጥፏል፦ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን የይለፍ ቃል ይጠቀም። እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከማኅተሙ ሥር፣ የነርሷ የይለፍ ቃል በእስክሪብቶ ተጽፏል።

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር አንገቱን አከከ። «አርባ ሺህ ካርድ በሦስት ወር ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ ተባልን። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል እስኪወጣለት ማን ይጠብቃል? ደግሞስ ከውጭ ሰብረው ገብተው ቢሆን?»

«ምኑን ይሰብሩታል? ቁልፉን በሩ ላይ አንጠልጥላችሁት።»

መርማሪው የሌሎችን ሕሙማን መዝገብ አንድ በአንድ አየ። ቀጥሎ ካርድ ክፍል ገብቶ፣ ሊቃጠሉ በጆንያ ከታሰሩት ካርዶች መካከል የሟቿን ፈልጎ አወጣ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አባትየውን፣ ነርሷንና ዳይሬክተሩን ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

«ካርዱ ላይ በቀይ ቀለም ‹ፔኒሲሊን አይስማማትም› ይላል። ካርዱን ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ስለዚህ መዝገቡን የሞላው ሰው ካርዱን አላየም።»

«ሆን ብሎ ትቶት ቢሆንስ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሊጎዳት የመጣ ሰው የልደት ቀኗን ለመሙላት አይደክምም። ካርዶቹ ላይ ያለው ዕድሜ ብቻ ነው፤ የሌሎቹም መዝገብ እንደዚያው። የሷ ግን ቀኑ ከነወሩ ተሞልቷል። ነርሷ ያንን ቀን ከየት ታውቀዋለች? የሞላው በቃሉ የሚያውቃት ሰው ነው።»

አባትየው እጆቹን ተመለከተ።

«የሰዉን ሁሉ ካርድ እያየሁ ነው የሞላሁት» አለ። «የሷን ምን ብዬ ልይ? ልጄ እኮ ናት።»

«ቀዩ ጽሑፍ የዛሬ ሁለት ዓመት የተጻፈ ነው» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ። «አግብታ ከቤት ከወጣች በኋላ።»

«አልነገረችኝም።»

ነርሷ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳችና መጥታ አባትየው አጠገብ ተቀመጠች።

«እንዳይጨነቁ ብላ ይሆናል፣ አባባ።»