ሁለት መርፌ በአንድ ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ ከእንግዳ ማረፊያው ሰገነት ላይ ወድቃ የሞተችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ አላከራከረም፤ የማረፊያው ባለቤት ግቢ ውስጥ አንሶላ እያሰጣች ሳለ ሴትዮዋ ከእግሯ ሥር ነው የወደቀችው።

መርማሪዋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ወንፊት እንኳ ደቃቁን ያሳልፋል፤ እሷ ግን የምትይዘው ደቃቁን ነው። ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየችው። ጫማ የለም። ጣትን ከመርፌ የምትከልለው ትንሽ የብረት ቆብ ጣቷ ላይ እንዳለች ናት። ሟች የለበሰችው ቀሚስ ደግሞ ልክክ ያለ ነው፤ ወንፊት እንዲህ ያለ ልብስ ለብሳ አታውቅም። በሬሳ መቅናቷን ስታውቅ በራሷ አፈረች።

«ጉዳዩ አልቋል» አላት ሳጅኑ። «የከተማውን የመንገድ ገበያዎች ለማየት፣ አሮጌ ዳንቴልና ጨርቅ ለመግዛት አራት ሆነው ነው የመጡት። ሟች፣ ባሏ፣ ታናሽ እህቷና ጨርቅ ቆራጫቸው። ጠዋት ሟችና ቆራጩ ገበያው መሀል ተጨቃጭቀዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልና እህት ገበያ ነበሩ። እዚህ የቀረው ቆራጩ ብቻ ነው። ካቴናውን አዘጋጅቻለሁ።»

«ትንሽ ይቆይ፤ ካቴና አይሻግትም።»

ሰገነቱ ላይ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ሰፊ ነጭ ቀሚስ ተዘርግቷል። የታች ጠርዙ ከወዲያም ከወዲህም ተሰፍቶ መሀል ላይ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶታል። ከአንዱም ጫፍ ከሌላውም ክር ያለው መርፌ ተንጠልጥሏል። ወንፊት ምንም ሳትነካ ብዙ አየችውና ወረደች።

ቆራጩን ሁሉም ሰው «መቀስ» ነው የሚለው። አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሎ አገኘችው። ከሸሚዙ ሁለተኛው ቁልፍ የለም።

«ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«ቀንቼ ነው» አለ ሳይሸፋፍን። «አሥራ ሁለት ዓመት ቆርጬላታለሁ። አዲስ ሱቅ ልትከፍት ነው፤ ሸሪክ አድርጊኝ አልኳት። ሸሪኬን መርጫለሁ አለችኝ። ማን እንደሆነ እንኳ አልነገረችኝም። እልህ ያዘኝና ጮህኩባት።»

«ቀሚሱን አብረሃት ስትሰፋ ነበር?»

«እኔ? እመቤቴ፣ እኔ እኮ ቆራጭ ነኝ። መርፌ ከያዝኩ ደም ሳይፈስ አይቀርም…» አለና ደነገጠ። «የራሴ ደም ማለቴ ነው! ቁልፌ ሲበጠስ እንኳ የምትተክልልኝ እናቴ ናት። ነገ ይመጣል ብላ ትጠብቀኛለች። እባክዎ፣ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።»

ባልየው ምግብ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የቆመ የእጅ ሰዓቱን ያገላብጣል።

«ጠዋት ገበያው ዳር የሰዓት ጠጋኝ ቤት አይቼ ነበር። ከምሳ በኋላ ብመለስ አጣሁት። ግማሽ ሰዓት ተንከራተትኩ። ጠዋት በሩ ወለል ብሎ ያየሁት ቤት ከጋሪ ጀርባ ተሸሽጎ! ልግባ ብል መግቢያ የለም። ሻጩ ሁሉ ደግሞ ‹ሚስትህስ?› ይለኛል። ሰላም እንኳ የሚለኝ የለም። እሷ ካለች እኔ የለሁም ማለት ነው» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አሁን እሷም የለችም።»

ታናሽየዋ ቀይ ዓይኗን እየጠረገች የዳንቴል ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከምሳ በኋላ እትዬን ክፍሏ ትቻት ወጣሁ። ቀሚሱ ያኔ ገና ከሻንጣ አልወጣም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህን እየመረጥኩ ነበር።»

«የት ጋ?»

«ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ሻጮቹ የሚደረደሩበት። ጥላ ስለሆነ አጥሩን ተደግፌ ብዙ ቆየሁ።»

«ሻጯ ታስታውስሻለች?»

«እኔን?» ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም። «እኔን ማን ያስታውሳል? እትዬ ጨርቅ ስትነካ ገበያተኛው ይከባታል። እኔ ዘንቢል እይዛለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ‹የእሷ እህት› ነው የምባለው።»

ወንፊትም ታላቅ እህት አለቻት፤ ሐኪም ናት። የማትቀናባት ቀን በጣት ይቆጠራል። ልጅቷን አዘነችላት፤ ስታዝንላት ደግሞ ፈራቻት።

ገበያው ከማረፊያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ወንፊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አንድም ሻጭ የለም። መኪኖች ቆመዋል፤ የአጥሩ ድንጋይ ከመጋሉ የተነሳ እጅ አያስነካም። ጋሪዎቹ በሙሉ ከመንገዱ ማዶ ተደርድረው የሱቆቹን በር ዘግተዋል። የሰዓት ጠጋኙ ሱቅ ምልክት ከዳንቴል ጋሪ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል።

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትሸጪው?» አለቻት ባለ ዳንቴሏን።

«ጠዋት አጥሩ ሥር ነኝ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ጋሪያችንን ገፍተን እንሻገራለን። ጨርቅ ፀሐይ ከነካው ቀለሙ ይለቃል። ጥላው ሲዞር እኛም እንዞራለን፤ ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው።»

«ለእንግዳ ትነግራላችሁ?»

«ምን ብለን? መጥቶ አያየንም እንዴ!»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሳጅኑ አላስችል ብሎት መቀስን በካቴና አስሮታል።

«ከሰገነቱ እንጀምር» አለች ወንፊት። «አንድ ቀሚስ፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መርፌ። ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ ጀምሮ መሀል ሊገናኝ ነበር። አንዷ ሟች ናት። ሌላው ሰው ግን እዚያ ነበርኩ ብሎ አልተናገረም። መቀስ የራሱን ቁልፍ እንኳ መትከል አይችልም፤ ሸሚዙን ተመልከቱ። ባልየው ደግሞ ሳያውቁት ራሳቸውን ነፃ አውጥተዋል። የጠጋኙ በር በጋሪ የሚዘጋው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። ያንን ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ ገበያ ነበር ማለት ነው።»

ወደ ታናሽየዋ ዞረች።

«አንቺ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥሩ ሥር ጥላ ላይ ቆሜ ነበር አልሽኝ። በዚያ ሰዓት እዚያ ጥላም የለም፣ ሻጭም የለም። ገበያው ተሻግሯል። አንቺ ገበያውን ያየሽው ጠዋት ብቻ ስለሆነ የጠዋቱን ገበያ ለከሰዓት አደረግሽው። ዳንቴሉንም የገዛሽው ጠዋት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰገነቱ ላይ መርፌ ይዘሽ ነበር።»

ልጅቷ የዳንቴሉን ጥቅል ከፊቷ ገፋችው።

«ጠዋት ለመቀስ ‹ሸሪኬን መርጫለሁ› ስትለው ሰማሁ» አለች። «እየሰፋን ‹ማነው?› አልኳት። ‹ማታ ትሰሚያለሽ› ብላ ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኔ የሌለሁበት ነገር ሲኖር ነው ፈገግ የምትለው። ክሩን ልታራግፍ ተነስታ ከሰገነቱ ዳር ቆመች… ገፋኋት። ገፋኋት!»

ባልየው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አንቺ ነሽ እኮ» አላት። «የመረጠችው አንቺን ነው። ትናንት ለእኔ ስትነግረኝ ተጣልተን ነው ያደርነው፤ እኔ ቀንቼ። በሱቁ ላይ ያንቺ ስም ይቅደም አለች።»

ልጅቷ ዙሪያዋን አየች፤ ምንም እንዳልሰማች።

«እስቲ ድገምልኝ» አለች።

ባልየው ፊቱን አዞረባት። ሳጅኑ ካቴናውን ከመቀስ እጅ እየፈታ ነበር። መቀስ የተፋቀ አንጓውን እያሻሸ አያት።

«አንቺን ነው የመረጠችው» አላት። አሥራ ሁለት ዓመት ለእህቷ ጨርቅ የቆረጠ ሰው ነው፤ ያኔም እንኳ ድምፁ ውስጥ ቅናት ነበረበት።